ያውቁ ኖሯል? ከሲባጎ እስከ ገመድ

ሲባጎና ገመድ ከአንድ ተክል፣ አንዳንዴም ከአንድ ፋብሪካ ይወጣሉ። የሚለያቸው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ስንቴ እንደተከረሩ፣ ምን ሊሸከሙ እንደተሠሩ፣ ቢበጠሱ ምን እንደሚጠፋም ጭምር ነው። በየተራ እንያቸው። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራራቸው

◆ አንዲት የሲሳል ቃጫ ዘለላ ርዝመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መቶ ሜትር በሚረዝም ገመድ ውስጥ ግን ቋጠሮም ሙጫም የለም። ዘለላዎቹን የሚያያይዛቸው መከረራቸው የፈጠረው መፋተግ ነው፤ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይጫጫናሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በፊዚክስም ይሠራል ማለት ነው።

◆ ገመድ ሲለቁት የማይፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚከረር ነው። ዘለላዎቹ ወደ ቀኝ ተከርረው ክር ከሆኑ፣ ክሮቹ ወደ ግራ ተከርረው ፈትል ይሆናሉ፤ ፈትሎቹ ደግሞ እንደገና ወደ ቀኝ ይገመዳሉ። አንዱ ልፈታ ባለ ቁጥር ሌላውን ያጠብቀዋል።

◆ የሲባጎና የገመድ ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሲባጎ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ደረጃ ይቆማል፦ አንድ ወፍራም ክር፣ ወይም አብረው የተከረሩ ሁለት ሦስት ክሮች። ገመድ ግን ሦስተኛውንም ዙር ይከረራል። የገመዱን ጫፍ ቢፈቱት ሲባጎ የሚመስሉ ሦስት ፈትሎች ያገኛሉ።

◆ ለጉምሩክ ሲባጎና ገመድ አንድ ናቸው! በዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ ሁለቱም በ56.07 ቁጥር ሥር ተመዝግበዋል። ታሪፉ የሚጨነቀው ከተራ ክር ለመለየት ነው። የሲሳል ወይም የጥጥ ፈትል አንድ ሜትሩ ከ2 ግራም በላይ፣ ሰው ሠራሹ ደግሞ ከ1 ግራም በላይ ከመዘነ ክር መባሉ ይቀርና እዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል። የኮኮናት ቃጫ ክብደቱ አይጠየቅም፤ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ክሮች ከተከረሩበት ይበቃል።

◆ መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 4 በሦስት የተገመደ ገመድን ጥንካሬ ያነሳል። ገመድ ሠሪዎችም ሦስትን ይወዳሉ። ሦስት ፈትሎች ሲገመዱ መካከላቸው እምብዛም ክፍተት አይተርፍም። አራት ከሆኑ ግን መሀሉ ባዶ ስለሚሆን ቅርጹ እንዳይዛባ ሌላ ቀጭን ገመድ በልቡ ይገባለታል።

◆ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከአንድ ዓይነት ቃጫ ከተሠሩ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ገመድ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ የሚሸከመውን አራት ጊዜ ይሸከማል። ምክንያቱም ጥንካሬውን የሚወስነው ገመዱ ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት ነው።

◆ ገመድ ሲገመድ ያጥራል። ክሮቹ ከነበራቸው ርዝመት ሲሶ ያህሉ በመክረሩ ውስጥ ይቀራል። የድሮ ገመድ ፋብሪካዎች እጅግ ረጃጅም ቤቶች የሆኑትም ክሩ ከጫፍ ጫፍ ተዘርግቶ መከረር ስላለበት ነው። በእንግሊዝ አገር ቻተም በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተገነባው ቤት ርዝመቱ 346 ሜትር ሲሆን ዛሬም ገመድ ይገመድበታል።

◆ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሚያስገምደው ገመድ ውስጥ ቀለሙ የተለየ አንድ ክር ይጨምር ነበር። ክሩ ለጌጥ አልነበረም። ሌባ ገመዱን የትም ቆርጦ ቢሸጠው የባሕር ኃይሉ ንብረት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። አድሚራል ኔልሰን የተዋጋባት «ቪክትሪ» መርከብ ብቻዋን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ትፈልግ ስለነበር ለሌባው ሲሳዩ ብዙ ነበር።

◆ ወፍራሙ ገመድ ያለ ቀጭኑ ሲባጎ አይኖርም። ጫፉ እንዳይፈታ መርከበኞች በሰም የታሸ ሲባጎ አጥብቀው ይጠመጥሙበታል። የናይለን ገመድ በእሳት ቀልጦ ይዘጋል፤ የቃጫ ገመድ ግን ዛሬም መድኃኒቱ ሲባጎ ነው።

ከጥንት ዘመን

◆ እስካሁን ከተገኙት ቀጥተኛ ማስረጃዎች ቀዳሚ የሆነው የሲባጎ ቁራጭ 6.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝማል። በደቡብ ፈረንሳይ አብሪ ዱ ማራስ በተባለ ቦታ ከድንጋይ መሣሪያ ጋር ተጣብቆ የተገኘ ሲሆን በ2020 ይፋ ተደርጓል። ዕድሜው ከ41 እስከ 52 ሺህ ዓመት ይገመታል። የሠሩትም ኒያንደርታሎች ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሦስት ክሮች ለየብቻቸው በአንድ አቅጣጫ ተከርረው፣ ከዚያ በተቃራኒው አብረው ተገምደዋል። ሱቅ ውስጥ ያለው ሲባጎም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

◆ በጀርመን ሆሌ ፌልስ ዋሻ በ2015 ከማሞዝ ጥርስ የተሠራ፣ አራት ቀዳዳዎች ያሉት 20.4 ሴንቲ ሜትር መሣሪያ ተገኘ። የቀዳዳዎቹ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። ተመራማሪዎች ቃጫ አስገብተው ሞከሩት፤ ጠንካራ ገመድ ወጣው። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል።

◆ በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ፣ መርሳ ጋዋሲስ በተባለ ጥንታዊ ወደብ፣ በዋሻ ውስጥ በሥርዓት ተጠቅልለው የተቀመጡ የመርከብ ገመዶች ከ3,800 ዓመት ገደማ በኋላ እንዳሉ ተገኝተዋል። መርከቦቹ የሚጓዙት ዕጣንና ወርቅ ፍለጋ ወደ ፑንት ምድር ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን ከዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ሰሜን ኢትዮጵያና ምሥራቅ ሱዳን ጋር ያያይዙታል። ቁፋሮውን ከአሜሪካዊቷ ካትሪን ባርድ ጋር የመራው ሮዶልፎ ፋቶቪች በአክሱምም ለዓመታት የቆፈረ ጣሊያናዊ ነው።

◆ በጊዛ ከታላቁ ፒራሚድ ሥር በ1954 የተገኘው የፈርዖን ኩፉ መርከብ 43 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በ1,224 ቁርጥራጮች ተነቅሎ የተቀበረ ነበር። ሳንቃዎቹን አንድ ላይ የሚያስራቸው ከሣር የተገመደ ገመድ ነው።

◆ ተሰፍተው የሚሠሩ መርከቦች በሕንድ ውቅያኖስ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። ቲም ሰቨሪን የተባለው አሳሽ ይህን ለማሳየት «ሶሃር» የተባለች መርከብ በዑማን አሠራ። ሳንቃዎቿ ያለ ምስማር የተሰፉት 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የኮኮናት ቃጫ ሲባጎ ነው። በ1980 ከዑማን ተነሥታ በ1981 ቻይና ጓንግዡ ደረሰች።

በአገራችን

◆ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም መግቢያው ደረጃ ሳይሆን ገመድ ነው። 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል ወንዶች የሚወጡት ከቆዳ የተገመደውን ወፍራም ገመድ ጨብጠው፣ እግራቸውን አለቱ ላይ እየረገጡ ነው። ሁለተኛው ገመድ ወገባቸው ላይ ይታሰርና ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስቡታል። ዘመናዊ ገደል ወጪዎች የሚጠቀሙበት የሁለት ገመድ ጥንቃቄ እዚያ የቆየ ሥርዓት ነው። በትውፊቱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዘመን የወጡት ግን በገመድ ሳይሆን በዘንዶ ነበር።

◆ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዐባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ፈረሰ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛ የሚሻገረው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ወንዶች እየሳቡት ነበር። አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ የድልድይ ድርጅት አቋቋመ። ፍርስራሹ በ2002 ተጠገነ። ጎርፍ ጥገናውን ከወሰደው በኋላ በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

◆ የቡሄ ጅራፍ በእጀታው በኩል ገመድ፣ በጫፉ በኩል ሲባጎ ነው። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። በወፍራሙ በኩል የገባው ጉልበት እየቀጠነ ወደሚሄደው ሲሻገር የሚገፋው ክብደት ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ያልፋል። ሰፈሩን የሚያደነቁረው ጩኸት ጅራፉ መሬት ስለመታ የመጣ ሳይሆን አየሩ ውስጥ የፈነዳ ነው፤ ተዋጊ ጄት የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ ከሚያሰማው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

◆ ልጥ ሳይከረር የሚያስር ማሰሪያ ነው። ከዛፍ ቅርፊት እንደተላጠ ጎጆ ይማገርበታል፣ እንጨት ይታሰርበታል። ገደቡ ርዝመቱ ነው፤ ከዛፉ ቁመት አያልፍም። ከተከረረ ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየተጨመረበት የተፈለገውን ያህል ይረዝማል።

◆ እንሰት ከቆጮውና ከቡላው ሌላ ጠንካራ ቃጫ ይሰጣል። በዓለም ላይ ለመርከብ ገመድ ታዋቂ የሆነው የማኒላ ቃጫ የሚገኝበት አባካ የተባለው የፊሊፒንስ ተክልም የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከሙዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አዝመራው ባይመስልም ደቡብ ኢትዮጵያና ፊሊፒንስ አንድ የገመድ ዘር ይጋራሉ።

◆ የበገና አውታር ከበግ አንጀት ተከርሮ ይሠራል። የማሲንቆው ግን ያልተከረረ የፈረስ ጭራ ጥቅል ነው፤ ፀጉሮቹ ጎን ለጎን ተወጥረው አብረው ይርገበገባሉ። በ1883 የተመረቀው የኒውዮርክ ብሩክሊን ድልድይም የተንጠለጠለባቸው አራት ዋና ገመዶች እንደዚሁ ያልተከረሩ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከ5,000 በላይ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሽቦ አቅራቢው ደካማ ሽቦ እያሾለከ ማስገባቱ በሥራው መሀል ሲደረስበት፣ መሐንዲሶቹ በየገመዱ 150 ያህል ተጨማሪ ሽቦ አስገቡ። የገባው ደካማ ሽቦ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

በዓለም ዙሪያ

◆ ከሲባጎ እስከ ገመድ ያለውን መንገድ በአራት ቀን ማየት የሚፈልግ በሰኔ ወደ ፔሩ ይሂድ። በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለው ቄስዋቻካ ድልድይ 28 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የተሠራውም ከሣር ነው። በየዓመቱ አሮጌው ይቆረጥና አዲስ ይሠራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሣር የተከረረ ሲባጎ ይዞ ይመጣል፤ ሲባጎው ወደ ቀጭን ገመድ፣ ቀጭኑ ገመድ ሰው ወደሚያሻግር ወፍራም ገመድ ይገመዳል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል።

◆ የኢንካ መንግሥት ግብሩንና ሕዝቡን የሚቆጥረው በሲባጎ ነበር። «ኪፑ» የሚባለው መዝገብ ከአንድ አግዳሚ ፈትል የተንጠለጠሉ ባለቀለም ሲባጎዎች አሉት። የቋጠሮው ዓይነትና ቦታ አሐድን፣ አሥርንና መቶን ይለያል።

◆ የምሥራቅ አፍሪካ የሲሳል እርሻ በሙሉ የተጀመረው በ62 ችግኝ ነው። ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ በ1893 ከፍሎሪዳ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ 1,000 ችግኝ አስመጣ፤ ከጉዞው የተረፉት 62 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ የተራባው ተክል አገሪቱን በኋላ በዓለም ቀዳሚ የሲሳል አምራች አደረጋት።

◆ ነዶ በማሽን ማሰር ሲጀመር ማሰሪያው ሽቦ ነበር። የሽቦው ቁራጭ ግን ወደ ከብት ሆድና ወደ ወፍጮ ቤት ይገባል። አሜሪካዊው ጆን አፕልቢ በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲባጎ ጠምጥሞ የሚቋጥርና የሚቆርጥ መሣሪያ ሠርቶ ጣጣውን ገላገለ። ዛሬ ድርቆሽ የሚያስሩ ማሽኖችም የሚቋጥሩት በዚሁ መርህ ነው።

◆ ፍራንሲስ ጆንሰን የተባለ የሚኒሶታ ገበሬ ከ1950 ጀምሮ ለ29 ዓመት ሲባጎ ጠቀለለ። ጥቅሉ 3.7 ሜትር ስፋትና 7.9 ቶን ክብደት አለው፤ ዳርዊን በተባለችው ከተማ ለጎብኚ ቆሟል። የካንሳሷ ኮከር ሲቲ ደግሞ በ1953 የተጀመረ ጥቅል አላት፤ ነዋሪዎቹ በየነሐሴው እየተሰበሰቡ ይጨምሩበታል። የቱ ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም ከተሞች የየራሳቸው መልስ አላቸው።

◆ በጃፓን ኪዮቶ የሂጋሺ ሆንጋንጂ ቤተ መቅደስ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንደገና ሲሠራ ተራው ገመድ ግዙፎቹን ግንዶች ማንሣት አቅቶት ይበጠስ ነበር። ምእመናት ፀጉራቸውን ቆርጠው ላኩ፤ ከሄምፕ ቃጫ ጋር ተገመደና ግንዶቹ ተነሡ። 69 ሜትር የሚሆን አንዱ ገመድ አሁንም ቤተ መቅደሱ ውስጥ ይታያል።

◆ ገመድ ጉተታ ከ1900 እስከ 1920 የኦሊምፒክ ስፖርት ነበር። የኦኪናዋዋ ናሃ ከተማ በየዓመቱ የምታስጎትተው ከሩዝ ገለባ የተሠራ ገመድ ወደ 200 ሜትር ይረዝማል፤ 40 ቶን ገደማም ይመዝናል። ይህ ሁሉ ውፍረት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ታይፔ ውስጥ 1,600 ያህል ሰዎች ሲጓተቱ ለዚያ ጉልበት ያልታሰበ የናይለን ገመድ ተበጥሶ ሲፈናጠር የሁለት ሰዎችን ክንድ ቆርጧል። ናይለን ይሳባል፤ ሲሳብ ያጠራቀመውን ጉልበት ሲበጠስ ባንድ አፍታ ይለቀዋል። መርከብ ሲታሰር በተወጠረ ገመድ መሥመር ላይ መቆም የሚከለከለው ለዚህ ነው።

◆ የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት ዛሬም የሚለካው ስሙን ከሲባጎ ቋጠሮ በወሰደ መለኪያ ነው። መርከበኞች በየ14.4 ሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ ከኋላ ወደ ባሕር ይለቁና በ28 ሰከንድ ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር። «ኖት» (ቋጠሮ) የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

◆ የብረት ገመድ የተወለደው በማዕድን ጉድጓድ ነው። በጀርመን ሃርትዝ ተራሮች የቃጫ ገመድ ይበሰብሳል፣ ሰንሰለት ደግሞ አንዷ ቀለበት ከተሰበረች ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። ዊልሄልም አልበርት በ1834 ሽቦዎችን እንደ ቃጫ ከርሮ ገመዳቸው። አንድ ሽቦ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ፤ ሠራተኛውም ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ ለመለወጥ ጊዜ ያገኛል።

◆ ጃፓን በ1942 ፊሊፒንስን ስትቆጣጠር የአሜሪካ መርከቦች የማኒላ ገመዳቸውን አጡ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ገበሬዎች ሄምፕ እንዲዘሩ የሚቀሰቅስ ፊልም አሠራ። ከዚያ ይበልጥ የዘለቀው መፍትሔ ግን በ1935 በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ የፈጠረው ናይለን ነው። ለሴቶች ስቶኪንግ ተብሎ ገበያ የወጣው ክር ፓራሹትና ገመድ ሆነ።

◆ የዛሬ ተራራ ወጪዎች ገመድ አይገመድም። የጀርመኑ ኤደልሪድ ኩባንያ በ1953 ያወጣው ዓይነት፣ ውስጡ ጉልበት የሚሸከም ልብ፣ ውጩ የተጎነጎነ ሽፋን ነው። ለነጠላ ገመድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ፈተና 80 ኪሎ ክብደት ደጋግሞ መጣል ነው፤ ገመዱ ቢያንስ አምስት ውድቀት ችሎ ካልተገኘ አያልፍም።

ሲገዙና ሲጠቀሙ

◆ የገዙት ቃጫ ይሁን ፕላስቲክ ከተጠራጠሩ ጫፉን በክብሪት ይሞክሩት። የተፈጥሮው እንደ ወረቀት ይቃጠልና አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

◆ ሥጋ ወይም ዶሮ አስረው ኦቨን ውስጥ ሲከቱ ያልተቀለመ የጥጥ ሲባጎ ይጠቀሙ። በየሱቁ የሚሸጠው የፖሊፕሮፒሊን ሲባጎ በ160 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ከወጡ ጋር ይበላል።

◆ ውኃ ሁሉን አያደክምም። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፤ ናይለን ግን ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይጠጣም፣ ይንሳፈፋልም፤ ለጀልባ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የእሱ ጠላት ፀሐይ ነው። ግቢ ውስጥ ከርሞ ሲነካ የሚፈረፈር የልብስ ማስጫ ገመድ በፀሐይ የተበላ ነው።

◆ ቋጠሮ ገመድን ያደክማል። ተራ ቋጠሮ ጉልበቱን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ የተወጠረ ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰውም ቋጠሮው ሥር ነው። ፈትሎቹን ፈቶ እርስ በርስ መልሶ በመገመድ የተቀጠለ ግን ዘጠና በመቶ ገደማ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል።

◆ የሚጎትት በሬ ካስቸገረዎ ከመታገል ይልቅ ገመዱን ግንድ ላይ ይጠምጥሙት። መፋተጉ መካከለኛ በሆነ ግንድ ላይ አንድ ሙሉ ዙር የሚይዙበትን ጉልበት ከስድስት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል። ሦስት ዙር ደግሞ ወደ 280 እጥፍ ያደርሰዋል። ወደብ ላይ አንድ ሰው ግዙፍ መርከብ የሚያቆመው በዚህ ነው።

◆ ገመድ ላይ የተጻፈው የመበጠሻ ክብደት የመሸከሚያ ክብደት አይደለም። ለዕቃ ከዚያ ቁጥር አንድ አምስተኛውን፣ ሰው ለሚንጠለጠልበት ደግሞ አንድ አሥረኛውን ብቻ መቁጠር የተለመደ ጥንቃቄ ነው። 1,000 ኪሎ ላይ የሚበጠስ ገመድ ለጉድጓድ ቆፋሪ የ100 ኪሎ ገመድ ነው ማለት ነው። ሲባጎ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር አይጻፍበትም፤ ጥቅሉን ካሰረ በኋላ በመቀስ ተቆርጦ ሊጣል የተሠራ ነውና። ስንት ዙር ቢደርቡት ሰው አያንጠልጥሉበት።